ዓርብ ስድስት ሰዓት

የሰኞ ጠዋት ስብሰባ የሚባለውን ነገር የፈጠረውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው የምነግረው አለኝ። ከሚሴ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ደሜን ያፈላው ነገር ሁሉ የተነሳው ሰኞ ጠዋት ነው። ሠራተኛው ገና ከእሑዱ አልነቃም፤ አለቃው ግን ጉሮሮውን ይጠርግና ባለፈው ሳምንት የተጠራቀመውን ሁሉ አንድ በአንድ ያወጣል። በዚያ ሰኞ ተራው የኔ ነበር።

«ሰርቨሩ አሁንም ሞልቷል» አለ አለቃችን። ቀጠለና የማንንም ዓይን ሳያይ «በፊልም ነው የሚሞላው ይባላል» አለ።

ስሜን አልጠራም፤ አላስፈለገውም። የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ያለው በኔ እጅ ብቻ ነው። የሁሉም አንገት ወደኔ ዞረ።

«ማነው እንዲህ የሚለው?» አልኩ።

«ይባላል ነው ያልኩት» አለ። «ለማንኛውም እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ቁልፉን ታስረክቢና መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ።»

ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው። እዚህ ግን ጽሑፉ የኔ ስለሆነ አንቱታውን አስቀርቼበታለሁ።

መዝገብ ቤት መግባት ሞት አይደለም፤ ጥሩ ጥሩ ሰዎች ይሠሩበት ነበር። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ከሚሴ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ጠዋት ስብሰባ ላይ «ይባላል» የተባለው ነገር ማታ አባቴ ሱቅ ደጃፍ ሲደርስ «ተይዛለች» ሆኖ ነው የሚደርሰው። ቁልፉን ካስረከብኩ የመንግሥት ማሽን በፊልም የሞላች ሴት ሆኜ ነው የማስረክበው። ስለዚህ አላስረክብም አልኩ። እንዴት እንደማላስረክብ ግን ገና አላወቅሁም ነበር።

ጊዜው ሚሌኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። መሥሪያ ቤታችን የገበሬውን የመሬት ይዞታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እያዛወረ ነበር። ሰርቨር ሲባል ግዙፍ ነገር የሚመስለው ሰው አለ፤ የኛው ከተኛች ፍየል የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ሲሠራ ግን ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ውስጡ ዳታቤዝ አለ። የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ የማሳው ስፋት፣ በምሥራቅ ከማን በምዕራብ ከማን እንደሚዋሰን፣ ሁሉም እዚያ ነው። ዲስኩ ሊሞላ ሲቃረብ ዳታቤዙ አዲስ ሰው አልቀበልም ይላል፤ የይዞታ ማረጋገጫም ማተም ይቆማል። ሰው ሥራውን ፈትቶ፣ ለመኪና ከፍሎ ይመጣና «ሲስተሙ ሞልቷል» ተብሎ ይመለሳል።

ነገሩ አልዋጥ ያለኝም ለዚህ ነው። ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም። የዞኑ ገበሬ በሙሉ ከነአዋሳኙ ቢመዘገብ የዲስኩን ጥግ እንኳ አይሞላም፤ እኛ ደግሞ የመዘገብነው ገና ጥቂት ቀበሌ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ቦታ የት ገባ?

የፊልሙ ወሬ ከየት እንደመጣማ አውቀዋለሁ። እህቴ ያገባች ሰሞን የሠርጓን ቪዲዮ በፍላሽ አምጥቼ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በጠረጴዛዬ ኮምፒውተር ለሴቶቹ አሳይቻቸዋለሁ። ሙሽራው ሲያለቅስ እየመለስን እየመለስን አየነው፤ ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን፤ ከዚያ ፍላሹን ነቅዬ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ። ሰርቨሩ ክፍል ደጃፍ እንኳ አልደረሰም። ዛሬም ቢሆን አሳያቸዋለሁ። የእህትን ሠርግ ማሳየት ወንጀል ከሆነ ይመዝገብብኝ።

ከተመላላሾቻችን መካከል ከጨፋ ሮቢት ወዲያ የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ሞተው ማሳው በስማቸው እንዲዞርላቸው ነው የሚፈልጉት። ወረቀቱን እስካልያዙ ድረስ የሟች ወንድም በእርሻ በእርሻው ድንበሩን እየገፋባቸው ነው። እኔን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ከአግዳሚው ላይ ሆነው ይጣራሉ።

«ያ ኢንተላ! አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ?»

«ዛሬም ሞልቷል እናቴ።»

«ማል ኛቴ?» ይላሉ፤ ምን በልቶ ነው ማለታቸው ነው። «የኔ ላም የጨፋን ሜዳ ስትግጥ ውላ እንዲህ አትሞላም፤ ይሄ ምን በልቶ ነው?»

ወረፋ የያዘው ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅና ክፍሌ ስገባ ሳቁ ይጠፋብኛል። እሳቸው ሲመላለሱ ድንበሩ እየተገፋ ነው፤ የኔም ወር እያለቀ ነው።

ፍለጋውን ከቀላሉ ጀመርኩ። አሮጌ የኅትመት ፋይሎችን አጠፋሁ፣ ቆሻሻ መጣያውን ባዶ አደረግሁ፣ ቫይረስ ፈተሽኩ። ትንሽ ቦታ ይገኛል፤ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ይጠፋል። ቀጥዬ የሚታየኝን ፎልደር ሁሉ መጠን ደመርኩና ዲስኩ «ተይዟል» ከሚለው ጋር አስተያየሁት። አልገጠመም። ለኔ የሚታየኝ ሁሉ ተደምሮ የተያዘውን ግማሽ እንኳ አልደረሰም። የደመርኩት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ደመርኩ። መደመርስ እችላለሁ።

እንግዲያው እኔ እንዳላየው በተከለከለ ቦታ ውስጥ አንድ ነገር ተኝቷል ማለት ነው። ለኔ የተሰጠኝ የመዝጋቢ ፈቃድ ነው፤ ለመዝጋቢ የማይታዩ ፎልደሮች አሉ። ሁሉንም የሚከፍተው የይለፍ ቃል ያለው አለቃውና ሲስተሙን የዘረጋው የአዲስ አበባ ባለሙያ ዘንድ ነበር። ቁልፍ ያዥ እኔ፣ ተጠያቂ እኔ፣ ጓዳው የተዘጋብኝም እኔ።

«የይለፍ ቃሉን ይስጡኝ» አልኩት አለቃውን።

«ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም።»

«ለሁሉም አላልኩም፤ ለኔ ነው ያልኩት።»

«መመሪያ አለ» አለ።

መመሪያውን ያሳዩኝ ስለው ስልኩን አነሳና «ሄሎ» አለ። ስልኩ አልጠራም ነበር።

በሩን ጠበቅ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። ምላሰኛ ናት ይሉኝ ነበር፤ ይበሉ። በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምላስ የሌላት ሴት ሻይ እንድታመጣ ነበር የምትላከው።

ወደ ባለሙያው ደወልኩ። ድምፁ ለስላሳ፣ ሁሉን ነገር «ችግር የለውም» የሚል ወጣት ነው።

«ሲስተሙ ንጹሕ ነው እህቴ» አለኝ። «ምናልባት ፊልም ምናምን ተጭኖበት እንዳይሆን።»

ወሬው አዲስ አበባ ደርሶልኛል! ዋጥ አደረግሁትና የባክአፑን ነገር ጠየቅሁት። ባክአፕ የሚሉት ማሽኑ ቢበላሽ መመለሻ እንዲሆን በውስጡ ያለው ሁሉ ተገልብጦ የሚቀመጥበት ሥራ ነው። ቅጂው ትልቅ ነው፤ ቦታ በመብላት የሚጠረጠር ነገር ቢኖር እሱ ነው።

«እሱማ በየሳምንቱ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ራሱ ይነሳል» አለ። «አዲሱን ቅጂ ጽፎ ሲጨርስ የበፊቱን ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚኖረው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ደግሞ ሥራ እንዳይረብሽ ብዬ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው ያደረግሁት። ችግር የለውም።»

ሰው የሌለበት ስድስት ሰዓት ሲባል እኔ የሰማሁት እኩለ ሌሊትን ነው። የከተማውን ሰው ሰብስባችሁ ብትጠይቁት ሌላ አይሰማም። አመስግኜ ዘጋሁ፤ ባክአፑንም ከተጠርጣሪዎቹ አወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ስገባና ማታ ስወጣ ባዶውን ቦታ ማየት ልማዴ ሆነ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ንቅንቅ አይልም። ዓርብ ጠዋትም እንዳለ ነው። ዓርብ ከምሳ ስመለስ ግን ትልቅ ቁራጭ ተገምጦ አገኘዋለሁ። ሌሊት አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ እኔ እናቴ ቤት ምሳዬን እየበላሁ። በሳምንቱም እንደዚያው ሆነ።

ከገንዘብ ያዧ ጋር እንግባባ ስለነበር ነገርኳት።

«ወላሂ ጂን ነው» አለችኝ። «ሸሁን ጠርተን ይቅሩበት።»

«ጂን በምሳ ሰዓት ፊልም ያያል?»

«የከሚሴ ጂን ሳይሆን አይቀርም» አለች፤ ሳቋ አመለጣት። ቢሆንም ለብዙ ቀን ወደ ክፍሌ ብቻዋን አልገባችም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ዓርቡን እዚያው ልጠብቀው ወሰንኩ። ዓርብ የመሥሪያ ቤቱ ምሳ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው፤ ለጁምዓ። እስላሙ ወደ መስጊድ፣ ክርስቲያኑ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ግቢው ጭር ይላል። ሌላ ቀን ተራ ይያዝና አንድ ሁለት ሰው ይቀራል፤ ዓርብ ግን ማንም የለም። ሁሉም ሲወጣ እኔ የሰርቨሩን በር ከውስጥ ቆልፌ ተቀመጥኩ። መስገጃዬንና አንድ ዳቦ ይዣለሁ። ከሚሴን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ክፍል በዚያ ሰዓት ምድጃ ነበር። ላቤን የሚያደርቅልኝ አንድ ቬንትሌተር ብቻ ነው።

ብዙም ሳልቆይ ቬንትሌተሩ ዝግ እያለ ሄዶ ቆመ። ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዕቃ፣ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። መብራት ሄደ ብዬ ተበሳጨሁ። በዚያ ዘመን መብራት መሄዱ ወሬም አልነበረም። ነገር ግን በመስኮቱ በኩል፣ ከዋናው መንገድ ማዶ፣ የጁስ ቤቱ መፍጫ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል። አቮካዶ እየፈጩ ነው። በመብራት!

እንግዲህ መብራት የሄደው ከከተማው አይደለም፤ ከኛ ግቢ ነው።

ምን እንደሆነ ለማየት ልወጣ ተነስቼ ነበር። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ። የማሽኑ ሰዓት ስድስት ሆኗል፤ ባዶው ቦታ መቀነስ ጀምሯል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቁጥሩ እያየሁት ይወርዳል። ማንም አልነካውም። እጄን ራሱ ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፤ ኋላ አንቺ ነሽ እንዳልባል ይመስል። ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ዩፒኤሱ ድምፁን ለወጠና አንድ ረጅም ጩኸት ጮኸ። ባትሪው አለቀ። ስክሪኑ ጠፋ፤ የማሽኑ ማጓራትም ቆመ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ቅጂው ተጀምሮ መሃል ላይ ታነቀ። ጽፎ አልጨረሰምና የበፊቱን አያጠፋም፤ የተጻፈው ግማሽ ደግሞ እዚያው ወድቆ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓርብ ሌላ ግማሽ። በሚቀጥለውም ሌላ። ማሽኑ ሲበላ የከረመው የራሱን ቁራሽ ነበር። ሌባዬን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት፤ ዙህሬንም እዚያው ሰገድኩ፤ ምስጋናም ጨመርኩበት።

ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቬንትሌተሩ ራሱ መዞር ጀመረ። ማሽኑም እንዲህ ሲሆን ራሱ እንዲነሳ ተደርጎ የተሠራ ነውና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከምሳ ስንመለስ ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ የምናገኘው። በሩን ከፍቼ ስወጣ ዘበኛችን የግቢው መብራት የሚጠፋበት የብሬከሩ ሳጥን አጠገብ ቆመዋል።

«ቢስሚላህ!» አሉ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደው። «አንቺ ደግሞ ከየት ወጣሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ አባቴ። መብራቱን እርስዎ ነዎት ያጠፉት?»

«እኔ ነኛ! ሁልጊዜ ለጁምዓ ስሄድ አጠፋለሁ። የሻይ ክፍሏ ስትነድ ጁምዓ ቀን አልነበረ? ማንም በሌለበት ምድጃ ሳይነቀል ቀርቶ። ከዚያ ወዲህ ግቢውን ባዶ ትቼ ስሄድ ምንም መብራት አልተውም።»

«ማታስ?»

«ማታማ እኔ አለሁ። ደግሞ በጨለማ ልቀመጥልሽ ነው?» አሉና ፊቴን አይተው ደንገጥ አሉ። «ምነው፣ ያበላሸሁት ነገር አለ?»

«የለም አባቴ። እርስዎ የሚገባውን ነው ያደረጉት» አልኳቸው። እውነቴን ነው። በሳቸው ብናደድ ኖሮ በራሴ አፍር ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ባክአፑ የሚነሳው ሌሊት ነው ተብዬ ነበር። ባለሙያውን ደወልኩለት።

«ዓርብ ስድስት ሰዓት ብለኸኛል። የትኛው ስድስት ሰዓት?»

«የፈረንጁ ነዋ። ንጋት ላይ፣ በኛ አሥራ ሁለት ሰዓት። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው።»

«የኛ ማሽን አሁን ስንት ሰዓት የሚል ይመስልሃል?»

«ከቀኑ... አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይላል፤ በፈረንጅ።»

«ሰባት ተኩል ነው የሚለው። እዚህ ከሚሴ እንዳለው ሰው ሁሉ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «ችግር የለውም» አላለኝም።

«ማነው ያዞረው?» አለ።

«አንተ።»

ሰዓቱ የዞረ ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ሁላችንም ነበርን። ሲስተሙ ሥራ የጀመረ ዕለት የመጀመሪያው ማረጋገጫ ታተመና አለቃው ከፍ አድርጎ ያዘው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆመን ወረቀቱ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። አለቃው ፊቱ ተለዋወጠ። «ገበሬው ምን ይለናል? ፀሐይ ገና እየወጣ ዘጠኝ ሰዓት ይባላል እንዴ? ይስተካከል!» አለ። ባለሙያው እዚያው በእንግዳ ፊት የማሽኑን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው፤ ወረቀቱ እንደገና ታተመ፤ ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሰዓታችን ምን አጠፋ? ፀሐይዋን ተከትሎ የሚቆጥር ሰዓት ነው። ጥፋቱ ሰዓቱ ሲዞር ባክአፑ ባለበት መተዉ ነው። ለፈረንጅ ንጋት የተቀጠረው ሥራ የኛን ቀትር ጠብቆ መነሳት ጀመረ። እሱ ንጋት አለ፣ እኔ ሌሊት ሰማሁ፣ ማሽኑ ቀትር ላይ ሠራው። አንዱ ስድስት ሰዓት ሦስት ሆኖ ሲያጫውተን ከረመ።

ከዚያች ስልክ በቀጥታ አለቃው ቢሮ ገባሁ። አላንኳኳሁም።

«የይለፍ ቃሉን ለኔ መስጠት ካልፈለጉ ይምጡና በራስዎ እጅ ይጻፉት» አልኩ። «ፊልሞቼን ላሳይዎት ነው።»

ቃሉ ሳይስበው አልቀረም፤ ተነሳ። ማሽኑ ፊት ተቀምጦ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈው። ተደብቆ የነበረው ፎልደር ተከፈተ። ግማሽ፣ ግማሽ፣ ግማሽ፤ ከላይ እስከ ታች ያልተጠናቀቁ ቅጂዎች ተደርድረዋል። የሁሉም ቀን ዓርብ ነው። የሁሉም ሰዓት ስድስት ነው።

«ይክፈቷቸው» አልኩት። «የምታገባ ሙሽራ ካገኙ ይንገሩኝ።»

አንዱን ሁለቴ ጠቅ አደረገው። አልተከፈተም። ሌላውን ሞከረ። የዘበኛውን ብሬከር፣ የዩፒኤሱን ባትሪ፣ የሰዓቱን ነገር በሥርዓቱ አስረዳሁት። ያን የጭብጨባ ቀን ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅሁት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ አሁን ሁሉንም አጥፊውና ነገሩ ይዘጋ» አለ።

«አጠፋለሁ። አንዷን ግን አላጠፋም።»

«ለምን?»

«ሁሉን ካጠፋሁ፣ ያጠፋሁት ፊልም ነበር ይባላላ።»

ሌላውን ሁሉ ደመሰስኩ፤ ዲስኩ ባዶ ሜዳ ሆነ። ባክአፑንም በባለሙያው ምሪት ዘበኛው በማያጠፉት ሰዓት ላይ አዛወርኩት። ከዚያ በመስኮት ተጣራሁ። የጨፋ ሮቢቷ እናት ዓርብ ነውና ለጁምዓ ከመጡ ሰዎች ጋር ከተማ ገብተው አግዳሚያቸው ላይ ነበሩ። ማረጋገጫቸውን ስማቸው ተጽፎበት ሲወጣ አዩት። ማንበብ ባይችሉም ስማቸው የቱ ጋ እንዳለ ጠይቀው ጣታቸውን አሳረፉበት። አለቃው ግን ወደ ስብሰባ ወጥቶ ነበር፤ ማኅተሙ ለሰኞ ተቀጠረ።

ሰኞ ደረሰ። ስብሰባ ላይ ቀድሜ ነው የተቀመጥኩት። አለቃው የሚለውን ለመስማት እንደዚያ ጓጉቼ አላውቅም።

«የሰርቨሩ ችግር ተፈቷል» አለ። «በፊልም ነው ተብሎ የነበረውም ትክክል እንዳልሆነ ተረጋግጧል። ወደሚቀጥለው አጀንዳ...»

ተብሎ ነበር። ተረጋግጧል። ሲያሙኝ ሰው አልነበረም፣ ሲያነጹኝም ሰው የለም። ስሜ በ«ይባላል» ወጥቶ በ«ተረጋግጧል» ሊገባ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ልተወው እችል ነበር፤ ገንዘብ ያዧም ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ተይው ማለቷ ነው። አልተውኩትም። ተነስቼ ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁና ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት።

«ይህ ቁልፍ ከዚህ የሚነሳው ያን ነገር ያለውን ሰው ስሰማ ነው» አልኩ። «ካልሰማሁ ዛሬውኑ መዝገብ ቤት እገባለሁ፤ ማሽኑን ሌላ ሰው ይያዘው። አንዷን ፋይል አስቀርቻታለሁ፤ ፊልም ነው የሚል ካለ ይምጣና አብረን እንያት። ማነው ያለው?»

በሙቀቱ የተነሳ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ባለጉዳዮቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ፤ እናቲቱም ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከፊት ናቸው። በራፍ ላይ ላሉትም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ በኦሮምኛ ደገምኩት።

«ኤኙቱ ጄዼ?»

እውነት ቁልፉን ቢወስደውስ? ማሽኑን እወደው ነበር፤ ያን ሥራ እወደው ነበር። ግን ያለ ስሜ አልፈልገውም።

አለቃው ቁልፉን አየ። ከዚያ በሩን አየ። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እያየው ነው።

«በቃ...» አለ፤ «እኔ ነኝ ያልኩት። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። ተሳስቻለሁ።»

ይህን ሲል ጉሮሮውን አልጠረገም። እውነት ለመናገር ከዚያ ቀን በኋላ ትንሽ ወደድኩት። ቁልፌን አነሳሁና ኪሴ ከተትኩ። ገንዘብ ያዧ እግሬን መርገጥ ትታ ታለቅስ ነበር፤ እሷ ለማልቀስ ቅርብ ናት።

ከበሩ ላይ እናቲቱ አንገታቸውን አስገቡ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል፤ አለቃውም የተናገረው በዝግታ፣ ያውም በአማርኛ ነው።

«ያ ኢንተላ፣ ማል ጄዼ? ምን አለ?»

በኦሮምኛ «አልኩ» እና «አለ» አንድ ቃል ናቸው። ሁለቱም ጄዼ ነው። «ተባለ» ግን ሌላ ቃል ነው፤ ያን ዕለት አላስፈለገኝም።

«‹አነቱ ጄዼ› ጄዼ» አልኳቸው። ‹እኔ ነኝ ያልኩት› አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ፣ ወረቀታቸውን ዘርግተው ወደ ጠረጴዛው እየገቡ። «አፉ ከተፈታማ የኔንም ማኅተም ይምታልኝ።»

መታላቸው።